እነሆ፣ ባልየው ገባ

በዕድራችን ድንኳን ሥር ተቀምጠን ስለ ድሮ ሥራችን ስናወራ፣ እኔም ተራዬ ሲደርስ፣ «ሲኒማ ቤት ነበርኩ። ፊልሙን የሚያስረዳ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ለሕዝቡ ይናገራል፤ እኔ ከላይ ከማሽኑ ክፍል ሆኜ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ከፍ አደርግላቸዋለሁ» አልኩ። የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው ጎረቤቴ፣ «ጋሼ ጎበዜ፣ ፊልም ራሱ ይናገር የለም እንዴ? በላዩ ላይ ሰው የሚደረበው ምን ሲሆን ነው?» አለኝ።

«ፊልሙ የሚናገረው በህንድኛ ነዋ። አንተ ህንድኛ ትሰማለህ?»

«ሰውየውስ ይሰሙ ነበር?»

«ኧረ አንዲት ቃል አይሰሙም» አልኩ። ይኼን ጊዜ ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ።

እኔ ውሸት ተናግሬ ቢሳቅብኝ አይከፋኝም። እውነት ተናግሬ ሲሳቅብኝ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ልጽፈው ተነሣሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ እጄም ከብዕር ይልቅ ለጆንያ የተሠራ ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ ታገሡኝ፤ ነገሩ ግን አልተንጋደደም።

ከመርሐቤቴ አዲስ አበባ የገባሁት በጃንሆይ ዘመን ነው። ሥራዬ ሸክም ነበር፤ ሶማሌ ተራ የጨርቅ ጣቃ ከመኪና አውርዶ ወደ መጋዘን ማስገባት። አንድ ቀን ከአውቶቡስ ጣቢያ ክብ ክብ የቆርቆሮ ሣጥን ተሸከም ተባልኩ። ምጣድ መስሎኝ ነበር፤ ክብደቱ ግን የወፍጮ ድንጋይ። «ምንድነው?» ብል «ፊልም ነው» አሉኝ። ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብሎ አንድ አዳራሽ አደረስኩና ገንዘቤን ተቀብዬ አልሄድ አልኩ። የተሸከምኩትን ሳላይ አልሄድም ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ባለቤቱ ሙሴ የምንለው ሆደ ትልቅ ፈረንጅ ነበር። ሊያባርረኝ ሞከረ፤ አልሄድ ስለው ደከመውና «እንግዲያው እዚሁ በር ላይ ቁም፤ ሌላው ሰው እንዳይገባ ጠብቅ» አለኝ። ሥራ የገባሁት እንዲህ ነው። ማመልከቻ የለ፣ ዋስ የለ።

ከበር ጠባቂነት ወደ ጠራጊነት፣ ከጠራጊነት ወደ ማሽን አለፍኩ። ማሽኑን ያስተማረኝ አንድ የጣሊያን መካኒክ ነው፤ ስሳሳት በመፍቻ ጣቴን መታ ያደርገኛል፤ ሳልሳሳት ደግሞ ዝም። ደሞዙን አታንሡት፤ ከጆንያ ይሻላል ብላችሁ ብቻ እለፉ። የማሽኑ ብርሃን ከሁለት የከሰል ዘንጎች ነው የሚወጣው። ጫፍና ጫፋቸው ፊት ለፊት ሆኖ ይነዳል። ከተራራቁ መብራቱ ይጠፋል፤ ከተነካኩም ይጠፋል። በመሐላቸው የገብስ ቅንጣት የምታህል ክፍተት መኖር አለባት፤ እየነደዱ ስለሚያጥሩም በየደቂቃው በእጅ እየገፉ ማቀራረብ ነው። ቀኝ እጄ እሱ ላይ ነው። ግራ እጄ ደግሞ የድምፁ ቁልፍ ላይ። ዓይኔ ሸራው ላይ እንዳይመስላችሁ፤ ዓይኔ ያለው የጋሼ ተሰማ በትር ላይ ነው።

ጋሼ ተሰማ የአዳራሻችን ተርጓሚ ነበሩ። ሰው ሁሉ «ተርጓሚው» ነው የሚላቸው። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ግን ከሦስት ሰው ሆድ የወጣ የሚመስል። ሥራቸው እንዲህ ነው። አዲስ ፊልም ሲመጣ ጠዋት አዳራሹን ዘግተን እኔ አጫውታለሁ፣ እሳቸው ብቻቸውን ያዩታል። ፊት አይተው፣ እጅ አይተው፣ ማን ማንን እንደሚፈራ አይተው ታሪኩን ያወጡታል። ከሰዓት በኋላ በሸራው ጎን ይቆማሉ። ሊናገሩ ሲሉ በትራቸውን ያነሣሉ፤ እኔ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አደርጋለሁ። በትሩ ሲወርድ ከፍ አደርጋለሁ። «እነሆ» ብለው ነው የሚጀምሩት። «እነሆ፣ ሰውየው ከቤቱ ወጣ። ጎረቤቱ በክፉ ዓይን አየው። ይኼ ጎረቤት ነገር አለው።»

ልማዶች ነበሯቸው። ሳይጀምሩ ዝንጅብል ያኝካሉ። መድረክ ላይ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ «የእኔ ኮቴ የሌላውን ሰው ታሪክ አይረብሽም» ይላሉ። ዘፈን ላይ አይናገሩም። ልቅሶም አይተረጉሙም። አንድ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ያቺ ልጅ ስታለቅስ ለምን ዝም አሉ?» ብላቸው፣ «ልቅሶ ህንድኛ ነው እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያለቅስ ምን አልክ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ለፊልሙ ሰዎች የአበሻ ስም የሚያወጡላቸው እሳቸው ናቸው። ይኼ የስም ነገር አንዴ ጣጣ አመጣ። አንዱን ሌባ «አስፋው» አሉት። ሶማሌ ተራ አስፋው የሚባል ጣቃ ሻጭ ነበርና፣ በማግስቱ ሱቁ ደጃፍ ላይ ኩሊው ሁሉ «አስፋው፣ ያን ወርቅ የት ደበቅከው?» ይለው ጀመር። ሰውየው ሽማግሌ ይዞ መጣ። ተፈረደባቸው፤ ካሣው፣ የሚቀጥለው ፊልም ጀግና አስፋው እንዲባል ነው። ተባለ። አስፋው የሚባለው ጀግና ሃያ ሰው ሲደበድብ ጣቃ ሻጩ የፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ለጎረቤቱ «ተው ብዬው ነበር እኮ» ይላል።

የጋሼ ተሰማ ባለቤት እትዬ የሺ በር ላይ ቆሎ ይሸጡ ነበር። ፊልሙ ሲጀመር ቁናቸውን ሸፍነው ይገቡና በመድረኩ አጠገብ ጥግ ላይ ካለች ዱካቸው ይቀመጣሉ። ልጅ አልወለዱም፤ ሁለት ሆነው ነው ያረጁት። እትዬ የሺ ባላቸውን በሕዝብ ፊት ያርሙ ነበር። ጋሼ ተሰማ «እነሆ፣ ልጅቱ በፍቅር ወደቀች» ሲሉ፣ ከጥግ «አልወደቀችም፤ ፊቷን አታየውም እንዴ? ፈርታ ነው» ይላሉ። ሕዝቡ ይስቃል። ጋሼ ተሰማም በትራቸውን አንሥተው «እነሆ፣ ፈርታ ነው» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ልክ የሚሆኑት እትዬ የሺ ነበሩ።

በአንድ ክረምት እትዬ የሺ መምጣት ተዉ። ሲቆይ ጋሼ ተሰማ፣ «ጎበዜ፣ የሺ ኩርፊያ ይዛለች» አሉኝ። «ምን አድርገዋት?» ብላቸው፣ «እሱን ባውቅማ ይቅርታ እጠይቃት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ አንተ ስትለኝ ኖራ አሁን እርስዎ ትለኛለች። ስገባ ትነሣልኛለች። ማታ ማታ በሩን ከፍታ የመንገዱን ታች ታያለች፤ ‹ማንን ትጠብቂያለሽ?› ስላት ‹ባለቤቴን› ትለኛለች። እንዲህ ያለ የሚያቃጥል ኩርፊያ አይቼ አላውቅም» አሉ።

ኩርፊያ ሲጠና ሽማግሌ ይላካል። የንስሐ አባታቸው፣ ጎረቤታቸው ሐጂ ኑሪ፣ እና ለወጉ ያህል እኔ ሆነን መሳለሚያ ካለው ቤታቸው ሄድን። እትዬ የሺ በደስታ ተቀበሉን። አስቀመጡን፤ አበሉን። ሐጂ ኑሪ፣ «እትዬ የሺ፣ ይኼን ያህል ዘመን የኖራችሁበትን ጎጆ ሰይጣን አይግባበት። ተሰማ ቢያጠፋም ይማራል። ታረቁ» አሉ። እትዬ የሺ ጥግ ላይ አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡትን ባላቸውን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለቄሱ፣ «አባቴ፣ ሰውየው ደኅና ሰው ይመስላሉ። ግን እኔ እኮ ባለትዳር ነኝ» አሉ።

ሦስታችንም የኩርፊያ መጨረሻው ይኼ ነው ብለን ወጣን። ሐጂ ኑሪ መንገድ ላይ፣ «ወላሂ፣ የእኔዋ እንዲህ ያለ ንግግር ብትችል ኖሮ እስከ ዛሬ አልኖርም» አሉኝ።

ወሬው ጎጃም ደረሰና የእትዬ የሺ ታናሽ ወንድም ደምሌ መጣ። ገበሬ ነው፤ ቃሉ አጭር፣ ጋቢው ወፍራም። እህቱን አናገራት። እሷም «ቤቴ ውስጥ አንድ እንግዳ ሰው አለ፤ ክፉ አይደለም፣ ግን አይሄድም» አለችው። ለደምሌ ይኼ በቂው ነው። «አያ ተሰማ፣ እህቴ አልፈለገችህም። በእርጅናዋ አታሳዝናት። ቅዳሜ ይዣት አገሬ እገባለሁ» አለ። ጋሼ ተሰማ፣ ወንድም እህቱን ሲወስድ በምን ይከለክላሉ? አላውቀውም ያለችው ራሷ ናት።

ያ ፊልም የመጣው በዚያው ሳምንት ነው፤ ሐሙስ። አውቶቡሱ ጭቃ ይዞት አርፍዶ ደረሰ፤ ጠዋት ቀድሞ የማየቱ ነገር ቀረ። ሕዝቡ ገብቶ ያፏጫል። ጋሼ ተሰማ ዝንጅብላቸውን አኝከው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ያላዩትን ፊልም ሊተረጉሙ ቆሙ። እስከዚያ ቀን እንዲህ አድርገው አያውቁም።

አጀማመሩ ሸጋ ነበር። የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ የሆነ ወጣት አንዲት ልጅ ያገባል። ሠርግ፣ ዘፈን። ጋሼ ተሰማ ባልየውን አያሌው፣ ሚስትየዋን ጥሩነሽ አሏቸው። አያሌው በየምሽቱ ፋኖሱን ይዞ ከጣቢያው ይመለሳል፤ ጥሩነሽ ፋኖሱን ከሩቅ አይታ በር ትከፍታለች። አረጁ። ጥሩነሽ ወጥ ውስጥ ጨው ሁለት ጊዜ ትጨምራለች፤ ሕዝቡ ይስቃል። ገበያ ሄዳ መንገዱ ይጠፋባታል፤ አሁንም ይሳቃል። ከዚያ አያሌው ፋኖሱን ይዞ ሲመጣ አየችው፤ በሩን ግን አልከፈተችም።

ጋሼ ተሰማ በትራቸውን አነሡ። «እነሆ፣ ጥሩነሽ ኮረፈች።»

አዳራሹ ተነቃቃ። ይኼን ሁሉም ያውቀዋል። አንዱ ኩሊ ከኋላ፣ «ምን አድርጓት ነው?» አለ። «ትናንት አምሽቶ መጥቷል» አሉ ጋሼ ተሰማ። «ሽማግሌ ይላክባታ» አለ ሌላው። ወዲያው ሸራው ላይ ቦርሳ የያዘ ሰው ወደ ቤቱ ገባ። ሐኪም ነበር፤ ዛሬ ሳስበው። ጋሼ ተሰማ፣ «እነሆ፣ ሽማግሌው መጣ» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሽማግሌው ምላስሽን አውጪ ሲላት ደግሞ ሳቁ ጣራ ነካ።

ቀጥሎ አያሌው ገባ። ጥሩነሽ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። ውኃ በጣሳ ቀድታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ሰጠችው። ፈገግ አለችለት፤ ለእንግዳ ሌላ የሚቀርብ ነገር ያጣች ሴት የምታሳየውን ፈገግታ። ባልየው ጣሳውን ይዞ ቆመ።

የጋሼ ተሰማ በትር ወደ ላይ እንደተነሣ ነው። ስለዚህ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ይዣለሁ። እሳቸው ግን አይናገሩም። ፊልሙም አይሰማ፣ ሰውየውም አይናገሩ። በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመኔ አዳራሹ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። የከሰሉ ዘንግ ሲንሾካሾክ እሰማለሁ። ቆይተው ነው በራሳቸው ድምፅ፣ ያለ እነሆ፣ «ተሳስቼ ነው የነገርኳችሁ። አልኮረፈችም» ያሉት። በትሩን መሬት ላይ አስቀምጠው በጎን በር ወጡ።

ፉጨት ተነሣ። ወንበር ተሰበረ። እኔ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አጫወትኩት፤ ማሽን ሠራተኛ ቤት ቢቃጠል እንኳ የፊልሙን ጥቅል ይጨርሳል። ስወርድ የጋሼ ተሰማ ጫማ መድረኩ ላይ ጎን ለጎን ቁጭ ብሏል። በባዶ እግራቸው ነው የሄዱት። ጫማውን ይዤ መሳለሚያ ድረስ ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ካለ ድንጋይ ተቀምጠዋል፤ አልገቡም።

«ጎበዜ» አሉኝ፣ «የኮረፈች ሴት ዕቃ ታንኳኳለች።»

ያን ጊዜ ሚስት አልነበረኝም፤ እናቴን አስታውሼ «አዎ» አልኩ።

«የሺ አንድ ቀን ዕቃ አላንኳኳችም። ውኃ የምትሰጠኝ በሁለት እጇ ነው። እኔ ሞኙ ሽማግሌ ላኩባት።» ጫማቸውን አጠለቁ። «አልጠላችኝም፤ አታውቀኝም። ማታ ማታ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው እኔን ነው።» ይኼን ሲሉ ፊታቸው ላይ ኀዘን ብቻ አልነበረም። አንድ ክረምት ሙሉ ያልነበረ ነገር አየሁበት። ሰው ሚስቱ እንዳልጠላችው ሲያውቅ እንዲህ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

«ነገ ይኼንኑ ፊልም በትክክል ነው የምነግረው» አሉ። «የሺንና ደምሌን አምጣልኝ። ደምሌ ይየው። ያኔ ይወስዳት እንደሆነ ይውሰዳት።»

ዓርብ ጠዋት ሙሴ የድብድብ ፊልም አስመጥቶ ጠበቀኝ። «ያ ፊልም በቃ። ሁለት ወንበር ሰበሩ። ይኼን አስገባ» አለኝ። እኔም፣ «ሙሴ፣ ማሽኑ የትናንቱን ጥቅል ነክሶ ይዟል። ዛሬ ሌላ አይቀበልም» አልኩት።

«ትዋሻለህ።»

«ወጥተው ይዩት።»

ወደ ማሽኑ ክፍል የሚያወጣው መሰላል ጠባብ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ የሙሴን ሆድም እናውቃለን። መሰላሉን አየ፣ ሆዱን አየ፣ እኔን አየ። «አንተ በር ላይ የቆምክ ቀን ነው የከሰርኩት» ብሎኝ ሄደ።

በዚያን ጠዋት ጋሼ ተሰማ ፊልሙን ሦስት ጊዜ አዩት። ከሰዓት በኋላ ጁምዓ ተሰግዶ መንገዱ ሲከፈት ሕዝቡ መጣ፤ አብዛኛው የመጣው ዛሬ ደግሞ ምን ይሳሳቱ ይሆን ብሎ ነው። እትዬ የሺን በድሮዋ ዱካቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። ደምሌ አጠገባቸው ቆመ፤ «እንዲህ ያለ ጨለማ ቤት የሚገባ ምን የሠራ ሰው ነው?» እያለ። ወደ ላይ ወጥቼ ማሽኑን አስነሣሁ። የሆነውን የማውቀው ግማሹን ከላይ በማሽኑ ክፍል ቀዳዳ አይቼ፣ ግማሹን ደምሌ ነግሮኝ ነው።

ጋሼ ተሰማ «እነሆ» አሉ።

እትዬ የሺ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ተሰማ ነው» አሉ ለወንድማቸው። «አመሸብኝ ስል እዚህ ነው ያለው ለካ።»

ፊልሙ ሄደ። ዛሬ ጋሼ ተሰማ ትንሽ ነው የሚናገሩት። «እነሆ፣ ጥሩነሽ ጨው መጨመሯን ረሳች።» «እነሆ፣ የገዛ ሰፈሯ ጠፋባት።» የሚስቅ አልነበረም። ባልየው ፋኖሱን ይዞ ገባ፤ ሴትየዋ ውኃ ይዛ ጎንበስ አለች። «እነሆ፣ አልኮረፈችም። ባሏን ከልቧ አልጣለችውም። ፊቱ ነው የጠፋባት።»

ይኼን ጊዜ እትዬ የሺ ከዱካቸው ተነሡ። «አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽ እኮ ነው። ጣሳውን ተይና እግሩን እጠቢለት፤ ደክሞት ነው የመጣው።»

አዳራሹ እንደ ድሮው ሳቀ። በትሩ ስላልወረደ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ያዝኩት። ጋሼ ተሰማ ከመድረኩ ሳይንቀሳቀሱ፣ በዚያው በትልቁ ድምፃቸው፣ «እትዬ፣ ባሏ መሆኑን በምን አወቁ?» አሉ።

«ዓይን የለኝም እንዴ? አስተያየቱን አታየውም?»

«የእርስዎስ ባል የት አለ?»

«ይኸው እዚያ ቆሞ ይለፈልፋል እንጂ የት ይሄድልኛል።»

ሕዝቡ ወንበሩን እየደበደበ ሳቀ፤ ምን እንደሆነ ያወቅን ጥቂቶች ነን። ደምሌ ግን አልሳቀም። ጋቢውን ወደ አፉ ሳብ አድርጎ ነበር።

ፊልሙ አልቆ መብራቱ በራ። ጋሼ ተሰማ በባዶ እግራቸው እየተጣደፉ ወርደው እትዬ የሺ ፊት ቆሙ። እትዬ የሺም ተነሥተው እጅ ነሡና፣ «እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎም ፊልም ሊያዩ መጡ?» አሏቸው።

እኔ ከመሰላሉ ላይ ነኝ፤ ሰማሁት። ደምሌ ወደ እህቱ እጁን ዘረጋ። ጋሼ ተሰማ ግን ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉና፣ ሁልጊዜ በትር ሲያነሡ እንደሚያደርጉት ደረታቸውን ነፉ።

«እነሆ» አሉ በመድረኩ ድምፅ፣ «ባልየው ከመድረክ ወረደ። ሥራውን ጨርሷል። ሚስቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው።»

እትዬ የሺ ነጠላቸውን አጣፉ። «በል እንሂድ እንግዲህ፤ ምን ነገሩን ታስረዝመዋለህ?» አሉና እጃቸውን ሰጡ። አንተ አሉ። ሰምቻለሁ።

ቅዳሜ ደምሌን አውቶቡስ ጣቢያ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ብቻውን ነበር። ከመውጣቱ በፊት እሱም በሩ ላይ ቆሞ ሞክሮ ነበር፤ «እነሆ፣ ወንድምየው ወደ ጎጃም ሊሄድ ነው» ብሎ። እትዬ የሺ ከውስጥ፣ «ይኼኛው ደግሞ ድምፁ አያምርም፤ ያኛውን ጥሩልኝ» አሉት። ደምሌ እስከ ጣቢያው ድረስ ይኼን እያሰበ ብቻውን ይስቃል። አውቶቡሱ ላይ ሲወጣ፣ «አያ ተሰማን በርታ በልልኝ። እህቴ ባለትዳር ናት» አለኝ።

ከዚያ በኋላ መሳለሚያ ያለው ግቢ ሌላ አዳራሽ ሆነ። ጋሼ ተሰማ ከሥራ ሲመጡ ከአጥር ውጭ ይጀምራሉ። «እነሆ፣ ባልየው መጣ። ዳቦ ይዟል።» ከውስጥ፣ «ታዲያ ግባ በለው፤ ደጅ ምን ይገትረዋል?» ይላሉ እትዬ የሺ። እግራቸውን ሲታጠቡ ይተርካሉ፤ ሲበሉ ይተርካሉ። ጎረቤቱም ለመደ። ውኃ ልትበደር የመጣችው ሴት በሩ ላይ ቆማ፣ «እነሆ፣ ጎረቤትየዋ ማሰሮ ይዛ መጣች» ትላለች። ሐጂ ኑሪ ሳይቀሩ በዒድ ሥጋ ይዘው መጥተው፣ «እነሆ፣ ሐጂው...» ብለው ጀምረው ሳቃቸው ይዟቸው ሳይጨርሱ ገብተዋል። ሁልጊዜ ይሠራ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። የማይሠራበት ቀን ነበር። በዚያ ቀን ጋሼ ተሰማ ውኃቸውን በሁለት እጅ ተቀብለው፣ አመስግነው፣ እንደ ደኅና እንግዳ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። «ነገ ሌላ ትርዒት ነው» ይሉኛል።

ያ ፊልም ከሁሉም ፊልም በላይ ቆየ። ኩሊው እናቱን ከገጠር አምጥቶ አሳየ። ሙሴም ማሽኑ ነክሶ መያዙን እንደ ተአምር ያወራ ጀመር።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። ሰዉ ፊልም ላይ የሚናገርበትን ሰው አልፈልግም፣ የፊልሙን የራሱን ድምፅ ልስማበት አለ። ጋሼ ተሰማ በትራቸውን ሰቀሉ፤ እኔ ከማሽኔ ጋር ቀረሁ፤ በሌላ አዳራሽ፣ በሌላ አለቃ ሥር ብዙ ጊዜ ሠራሁ። ጥሩ ጥሩ ማሽኖች አይቻለሁ፤ ከሰሉ እንኳ ራሱን በራሱ የሚያቀራርብ መጣ። በእነዚያ ሁሉ ግን ግራ እጄ ሥራ ፈትታ ኖረች።

ሥራ ካቆሙ በኋላ፣ አንድ የክረምት ከሰዓት፣ ጋሼ ተሰማን ከሐኪም ቤት ይዣቸው መጣሁ። ጉንፋን ደረታቸው ላይ ወርዶ ድምፃቸው ጭራሽ ጠፍቷል። ዝናቡ ያካፋል። በሩ ላይ ደረስንና ደረታቸውን ነፉ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። እንደገና ሞከሩ። ወደ እኔ ዞሩ። በዓይናቸው ለመኑኝ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። በዕድሜዬ መድረክ ላይ ቆሜ አላውቅም። «እነሆ» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ነው ሲጢጥ ያለው። «እነሆ፣ ባልየው...» አልኩና የሚቀጥለው ጠፋኝ።

ጋሼ ተሰማ ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደገፉ። ዝናቡ ጋቢያቸው ላይ ይንጠባጠባል።

ከዚያ ከውስጥ ድምፅ መጣ። የእትዬ የሺ ነው፤ አነጋገሩ ግን የመድረኩ ነው። አንድ በአንድ፣ ቃሉን እያስቀመጠ።

«እነሆ፣ ባልየው ደጅ ቆሟል። ድምፁ ጠፍቶበታል። ዝናብ እየመታው ነው።»

መወርወሪያው ሲሳብ ተሰማ።

«ሚስትየዋም ተነሥታ ከፈተችለት።»

በሩ ተከፈተ። እትዬ የሺ ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ «እግርህን አምጣ፤ ጭቃ ይዘህብኝ እንዳትገባ» አሉ።

እኔ ውጭ ቆሜ ቀረሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከመንገዱ የመኪና ጥሩንባ ይመጣል። ግራ እጄ ሳላዛት ተነሥታ በባዶ አየር ላይ ቁልፉን ስትፈልግ አገኘኋት፤ ድምፁን ዝቅ ልታደርግላቸው።